አራተኛዋ ፒን

ከዋሸሁ ምላሴ እንደ ጫማ ማሰሪያ ይተብተብ፤ ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። የሰባ ስምንት ዓመቱ ቨርጂል ስቶዳርድ ጡረታ በወጣ የጦር ጄቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ ተነስቷል። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ከጣቶቹ መሃል ቀይ ሪባን ይውለበለባል፤ የሚቆጥርለት ግን የለም።

ሰውማ ሞልቷል። የኔብራስካ ገበሬ ሁሉ ሚስቱንና ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ለአየር ትርኢቱ ወጥቷል፤ ከአጥሩ ጀርባ ተኮልኩሏል። የጠፋው ዱዌይን ነው።

ጄቱ ድሮ የቼክ ወታደሮች የበረራ መለማመጃ ነበር። ቨርጂል በጨረታ ገዝቶ ሲያመጣው እንግሊዝኛ የሚባል አይሰማም፤ በቼክኛ ካልሰደቡት አይነሳም። ጎረቤቱ ዱዌይን፣ የኮምባይን መካኒኩ፣ ከአንዲት የፕራግ አሮጊት በስልክ ስድብ ተምሮ ነው ያስነሳው። የሞተሩ ድምፅ ደግሞ አይጣል ነው! በዚያን ዕለት ከወንዙ ማዶ የሚኖር አንድ ደንቆሮ ሽማግሌ "ማነው?" ብሎ በሩን ከፈተ።

ከአብራሪው ወንበር ሥር ባሩድ አለ፤ የጭንቅ ቀን ሰውየውን ከነወንበሩ ወደ ውጭ የሚያስፈነጥር። መሬት ላይ ሳለ እንዳይፈነዳ አራት ፒኖች ይሰኩበታል፤ በየፒኑ ጫፍ ቀይ ሪባን አለ። ከመነሳቱ በፊት አብራሪው ይነቅላቸውና ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ መሬት ላይ ያለው ጓደኛው ይቆጥራል፤ አራት ከሆኑ አውራ ጣቱን ያነሳል።

ቨርጂል ታዲያ በየትርኢቱ አንዷን ጭኑ ሥር ይሸሽጋል። ዱዌይን ክንዱን አጣምሮ ከጄቱ አፍንጫ ፊት ይገተራል። "አራተኛዋን አምጣ፣ አንተ ቀጣፊ!" በሞተሩ ጩኸት ባይሰማም ከከንፈሩ ይነበባል። አንድ ቀን እንኳ ተሸውዶለት አያውቅም።

ማክሰኞ ግን ቁርስ ቤት ተቀምጠው ዱዌይን ፓንኬኩን ገፋ አደረገና፣ "ቅዳሜ አልመጣም" አለው።

"ምን ሆነህ?"

"ባለፈው ስታርፍ አንዱ ጎማህ ከመንደርደሪያው ወጥቶ ሳር ላይ ነበር። ዓይንህ አልቋል፣ ቨርጅ።"

"ምነው፣ ሳሩ ከሰሰኝ እንዴ?"

"ቀልዱን ተወው። እኔው ቆጥሬ፣ እኔው አውራ ጣቴን አንስቼ፣ ከዚያ እኔው ልቅበርህ? ሌላ ቆጣሪ ፈልግ።"

"ቆጣሪ ሞልቷል!" አለ ቨርጂል፤ ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ።

ዛሬ ከጄቱ ፊት የቆመው ዋይሊ ነው፤ ብርቱካናማ ሰደርያ ያጠለቀ፣ በሌላው ቀን ትራክተር የሚሸጥ በጎ ፈቃደኛ። ጠዋት ቨርጂል በደንብ አስረድቶታል።

"አራት ናቸው። አራቱንም ካላየህ እንዳታሳልፈኝ።"

"ምን ችግር አለው፣ አባባ! ይተዉት ለኔ።"

አሁን ቨርጂል እጅ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው። አራተኛዋ ዛሬ ጭኑ ሥር እንኳ አይደለችም፤ ሳትነቀል ወንበሩ ላይ እንደተሰካች ናት። እሷ ካልወጣች፣ የጭንቅ ቀን ቢመጣ ወንበሩ ንቅንቅ አይልም።

ዋይሊ ሪባኖቹን አየ። ጥርሱን ብልጭ አደረገ። አንድ አይደለም፣ ሁለቱንም አውራ ጣቶቹን አነሳ።

"ክቡራትና ክቡራን!" አለ የድምፅ ማጉያው፤ "ቨርጂል ሰላም እያላችሁ ነው፤ እስቲ አጸፋውን መልሱለት!" ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ተነሳ። ባርኔጣ፣ ሹራብ፣ የሕፃን ፎጣ ሳይቀር ይውለበለብ ጀመር።

ትርኢቱን የምትመራው ሎሬታ በሬዲዮ መጣች። "ቨርጅ፣ ሰማዩ ያንተ ነው። ምን ትጠብቃለህ?"

"ቆጣሪ።"

"ዋይሊ አሳልፎህ የለ እንዴ?"

"የያዝኩት ሦስት ነው፣ ሎሬታ።"

"ሦስት ምን? አንተ ሽማግሌ፣ ሕዝቡ አብዶልሃል እኮ! ተነስ በቃ!"

ቨርጂል ዓይኑን አጥብቦ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘው። ፊቶቹ ተደባልቀው እንደ ፈሰሰ ገንፎ አንድ ሆነውበታል። የሚታየው እጅ ብቻ ነው፤ የሚወዛወዝ፣ የሚያጨበጭብ እጅ። የተጣመረ ክንድ ፈለገ።

አገኘም። ከሕዝቡ ኋላ፣ ከአኩሪ አተሩ ማሳ ዳር፣ አንድ ግራጫ ፒክአፕ ቆሟል፤ መኪናው ላይ አንድ ሰው ተደግፏል፤ ክንዱን አጣምሯል፤ አያውለበልብም፣ ንቅንቅም አይልም።

ቨርጂል ሳቀ። "እሺ፣ አንተ ግትር" አለና ነዳጁን ዘጋ። የሞተሩ ጩኸት ቀስ በቀስ ወረደ፤ ወደ ሲርታ፣ ከዚያ ወደ ትንፋሽ፣ ከዚያ ወደ ምንም።

ሁሉም እንደነገርኳችሁ ነው። ከራሴ የጨመርኩት ያንን ፒክአፕ ብቻ ነው፣ ከነሰውየው። ከሕዝቡ ኋላ የነበረው አኩሪ አተር ብቻ ነው። ቨርጂል ሞተሩ ጠፍቶም እጁን አላወረደም፤ ሦስቱ ሪባኖች በነፋሱ ይውለበለባሉ፣ ሕዝቡም አጸፋውን ያውለበልባል።