በሩ ያልተከፈተለት ዋናተኛ

“አትክፈትለት… ቆይ፣ አየሩ እስኪያልቅ እንየው” አለው አንዱ ጓደኛው።

ኑርሁሴን ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የሞባይል ጥገና ሱቁ ውስጥ ጓደኞቹ ኮምፒውተሩን ከበው ቆመዋል።

ስክሪኑ ላይ አንድ ዋናተኛ ባሕር ስር የተሠራ ቤት በር ላይ ደርሶ ያንኳኳል።

በሩን የቆለፈው ኑርሁሴን ነው። ለመክፈት አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃው ነበር…

አልተጫነም።

ዋናተኛው በሩን ነካ… ዞር አለ… ደግሞ ተመልሶ ነካ… አየሩ አለቀ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ኑርሁሴን ሁሉንም ቀርፆታል።

ጨዋታው እንዲህ ነው… ባሕር ውስጥ ትወድቃለህ። ምግብ ትፈልጋለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ አየርህ ሳያልቅ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ካለቀ ሰምጠህ እንደገና ትጀምራለህ።

ገና ተሠርቶ አላለቀም። ሠሪዎቹ ሳይጨርሱት ለተጫዋች ለቀውታል። ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያልፍ ዓሣ አለ፣ ሲረግጡት የሚጠፋ መሬት አለ። ብልሽት ያገኘ ሰው ይጽፍላቸዋል፣ እነሱ ያስተካክላሉ።

ኑርሁሴን የፈለገ አብሮት እንዲጫወት የመግቢያ ኮዱን በሰፈር ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቆት ነበር።

አንድ ቀን “ቦርከና” የሚል፣ የአካባቢውን ወንዝ ስም ያወጣ ሰው ገባ።

አያወራም፣ አይጽፍም። ዋናውም ዋና አይባል… አንድ ድንጋይ ለመዞር ሲታገል ይውላል።

ግን ኑርሁሴን በገባ ቁጥር በሩ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦለት ያገኛል። ዓሣ… ብረት… የተሞላ የአየር ሲሊንደር።

አንዴማ ኑርሁሴን ጥልቁ ላይ አየር ሲያጥረው፣ ቦርከና የራሱን ሲሊንደር ሰጥቶት እዚያው ሰምጦ ቀረ።

“ይሄ ደንባራ ማነው?” ጓደኞቹ ጠየቁት።

“እኔ እንጃ… አሽከሬ ነው።”

ቦርከና በተቆለፈው በር ላይ አየር ሲያልቅበት የቀረፀውን ቪዲዮ “ደንባራው ዋናተኛ” ብሎ ግሩፑ ላይ ለቀቀው። የሳቅ ምልክት ጎረፈ።

ብዙም ሳይቆይ እህቱ ዓፊያ ደወለች። ደሴ ነው የምታስተምረው፤ ለእረፍት ቤት መጥታለች።

“ቪዲዮውን አጥፋው።”

“ምን ሆነሻል?”

“አጥፋውና ቤት ና።”

ድምጿ ደስ አላለውም። ባጃጅ ይዞ ሄደ።

አባታቸው ጋሽ ሙህዲን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የባቲን ቁልቁለት በጭነት መኪና ሲወርዱ ኖረዋል። አምና ስትሮክ መታቸው… ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አንደበታቸውም ተሳሰረ።

ኑርሁሴን በሩ ላይ እንደደረሰ ደርቆ ቀረ።

አባቱ መስኮቱ ስር የዓፊያን ላፕቶፕ ፊት ለፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል። በግራቸው ማውዝ ይዘዋል።

ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ውሃ… ጥጉ ላይ ስም።

ቦርከና።

ዓፊያ ክንዱን ይዛ ወደ በረንዳ አወጣችው።

“አባ ሱቅህ መጥቶ የመለስከው ቀን ትዝ ይልሃል?”

ትዝ ይለዋል። አባቱ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በተሳሰረው አንደበታቸው ሰላምታ ሲሰጡ ጓደኞቹ ተያይተው ነበር። ኑርሁሴን አፈረ። “አባ፣ ቤት እንገናኝ” ብሎ ባጃጅ ላይ አሳፈራቸው።

“ያን ቀን መጥቶ ‘ልጄ ከሱቁ ሌላ የት ነው የሚውለው?’ አለኝ። ጌም ላይ አልኩት። ‘እዚያ ሰው አይናገርም?’ አለኝ። ‘መናገር ግድ አይደለም’ ስለው ‘አስገቢኝ’ አለኝ። ኮዱን ከግሩፑ ወስጄ አስገባሁት።”



ከውስጥ አባቱ ጠሩት።

“ኮቱ… ና፣ ተቀመጥ” አሉት ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው። ቃሉ አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። “ያ… ዓሣ… ደረሰህ?”

“ደረሰኝ አባ።”

ፊታቸው በራ።

“በሩ ግን… ተበላሽቷል። አልከፍት አለኝ። አንተ ውስጥ ነበርክ… አልሰማኸኝም። ጨዋታው አላለቀም ብላኛለች ዓፊያ… ለሠሪዎቹ ጻፍልኝ። በሩን ያስተካክሉት።”

ዓፊያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኑርሁሴን “እሺ፣ እጽፋለሁ” ብሎ መውጣት ይችል ነበር። አባቱም ያምኑት ነበር። እንደሚያምኑት ማወቁ ነው ውሸቱን አፉ ላይ ያስቀረው…

“አባ… በሩ አልተበላሸም።”

“እ?”

“የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንተ መሆንህን አላወቅኩም።”

ጋሽ ሙህዲን ስክሪኑን አዩት።

“ጓደኞችህ… ነበሩ?”

“ነበሩ።”

“ሳቁ?”

ኑርሁሴን መሬት መሬቱን እያየ “አዎ” አለ።

አባቱ አልተቆጡም። ግራ እጃቸውን ከማውዙ ላይ ቀስ አድርገው አነሱ።

“ደከመኝ። ልረፍ።”

ኑርሁሴን ቪዲዮውን አጠፋው። ግሩፑ ላይ “ስንስቅበት የነበረው ሰው አባቴ ነው። ሱቄ መጥቶ አፍሬበት የመለስኩት አባቴ” ብሎ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም።

በማግስቱ “አባ፣ ሱቅ አብረን እንዋል” አላቸው። “ሰው በሌለ ቀን” አሉት።

አሁን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ቤት ይገባል። አጠገባቸው ተቀምጦ አብሯቸው ይጫወታል። የባሕር ስሩን ቤት በር ሁልጊዜ ክፍት ነው የሚተወው።

ጋሽ ሙህዲን ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። “ግባ አባ” እስኪላቸው ድረስ አይገቡም።

ወዳጆቼ… ኑርሁሴን “አንተ መሆንህን አላወቅኩም” አለ። ባያውቅስ? የማያውቁትን ሰው ማስጨነቅ ማን ፈቀደልን? ስልካችን ላይ የምናላግጥበት ሰው ሁሉ የአንድ ቤት አባት፣ የአንድ ቤት እናት ነው። የቤታችንን ሰው ደግሞ ሰው ፊት ካፈርንበት፣ ይቅር ቢለን እንኳ በራችን ላይ ቆሞ ፈቃድ ይጠብቃል።

እናንተ ብትሆኑ በሩ ተበላሽቷል ብለው ላመኑት አባት እውነቱን ትነግሯቸው ነበር? ወይስ “እሺ፣ እጽፋለሁ” ብላችሁ ትወጡ ነበር? ከልባችሁ ጻፉልኝ…