ወዳጄ ምን ነካው?

«ወዳጄ» የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እየላሰ ያደገ የአንዲት ሴት ውሻ ነው። ባሏ እንኳ፣ «ይሄ ለሌባም ጭራውን ይቆላል! ውሻ ነው እንግዳ ተቀባይ?» እያለ ያሾፍበት ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ውሻ ባየ ቁጥር ካልዘነጠልኩ ይላል። ዛሬ ደግሞ የጎረቤቷን የእትዬ አጸደን ቡችላ ጆሮውን ቦጨቀው።

ይቅርታ ልትጠይቅ ሄዳ ጭራሽ ተቆጪ ሆና አረፈችው።

«የናንተ ልጆች ናቸው በድንጋይ እየደበደቡ ያሳበዱብኝ! እኛ ቤት እንደሆነ ክፋት አይማርም!»

እትዬ አጸደ የቡችላውን ደም እየጠረጉ፣ «የኔው ተነክሶ እኔው ልሰደብ?» አሏት።

እየተንጨረጨረች ቤቷ ገባች። ልትቆጣው ወዳጄን በሰንሰለቱ ጎትታ አገጩን ያዘችው። ደጋግሞ አስነጠሰው። አፍንጫው ዙሪያውን ቀልቷል። ደም መስሏት በጣቷ ጠረገችለት፤ በዚያው ጣቷ የንዴት እንባዋን ብታብስ ዓይኗ በእሳት ተለበለበ። ሚጥሚጣ ነው።

በዓይኗ ጭላንጭል ቀና ብላ ስታይ ባሏ በረንዳው ላይ ቆሞ የሚጥሚጣውን ብልቃጥ እየከደነ ይስቃል።

«አየሽልኝ?» አላት፤ «አሁን ገና ውሻ ሆነ!»