በስውር የተጨመረ ውሃ

መካኒኩ አድሮብ የመኪናዬን የውሃ ፓምፕ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ውሃውን መግፋት የነበረባቸው ክንፎች አልቀው መሃሉ ብቻ ቀርቷል። ጣቴን ሳሳርፍበት ያም እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ጫማዬ ላይ ረገፈ።

"ይሄ ከሞተር ነው የወጣው ወይስ ከባሕር?" አለኝ።

ሚስቴ ሲተና ከኋላ ወንበር ላይ ነች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩን ከፍታ፣ ያበጡ እግሮቿን አሸዋው ላይ አሳርፋለች። መኪናዋ ትናንት ማታ በእንፋሎት ተሸፍና ብትቆምም፣ አድሮብ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጥቶ ያስነሳታል ብላ ለመንገድ ለብሳ ገብታለች። ፖርት ሱዳን ያለው የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ ሳትታጠብ ተመልሳለች። ማሽኑ ተጠግኖ ተራዋ ዛሬ ነው፤ ዛሬም ከቀረች ከዚያ በኋላ ተራ አያስፈልጋትም። ሐኪሙ ይህን የነገረኝ እሷው ፊት ነው።

"ጨው ነው የበላው" አለ አድሮብ። "የጉድጓድ ውሃ ታጠጣታለህ ማለት ነው።"

"የጉድጓድ ውሃ ነክቷት አያውቅም።"

ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው። እዚህ ሱዋኪን በጉድጓድ ውሃ የታጠበ ሸሚዝ እንኳ ሲደርቅ ነጭ ጨው ያወጣል። እኔ ግን ከስልክ ቢሮው የአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ ጨው የሌለውን፣ በጀሪካን አጠራቅሜ ነው ራዲያተሩ ውስጥ የማደርገው። ጠብታ ለቃሚው ይሉኛል። በየዓርቡ ክዳኑን ስከፍት ውሃው እስከ አፉ ጢም ብሎ አገኘዋለሁ። ውሃዋ የማይጎድል መኪና ታፈሳለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አድሮብ የታችኛውን የጎማ ቱቦ ፈትቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። "ይህ ስንጥቅ የትናንት አይደለም፤ ወራት ሆኖታል። ድሮ ደርቃ መቃጠል ነበረባት። ከሥር ስታፈስ ከላይ የሚሞላላት ሰው አለ።"

ሊገፉልን የመጡት ጎረቤቶቻችን አጠገቡ ቆመዋል። ዳቦ ጋጋሪው ኦኑር ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ... አንዳንዴ ከመስጊድ ስመለስ" አለ። "ከሥሯ እርጥብ አየሁ። በሽተኛ የምታደርስ መኪና ናት፣ በውሃ ጥማት መንገድ ላይ እንዳትቀር ብዬ ከጉድጓዱ እየቀዳሁ..."

ኮፈኗ የሚታሰረው በሽቦ ነው። ማንም ይከፍተዋል።

"አንተም?" አለ ዓሣ ሻጩ ሐመዳይ።

ሁለቱ ተያዩ።

"እኔ እኮ አንዳንድ ቀን ባልዲዬን ይዤ ስመጣ ሞልታ አገኛታለሁ" አለ ሐመዳይ። "ሰው ነው ብዬ አላሰብኩም። መልአክ መስሎኝ ለሚስቴም ነገርኳት።"

"ዳቦ የሚጋግር መልአክ" አለ አድሮብ።

"ዓሣ ከሚሸተው መልአክ ይሻላል" አለው ኦኑር ሐመዳይን።

ሲተና ከኋላ ሳቀች። ሳቋ ትንፋሽ አሳጣት፤ የፊት ወንበሩን ይዛ እስኪመለስላት ጠበቅን። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኳቸው።

"ለባለቤቱ እያወራሁት ምኑን ሰደቃ ሆነ?" አለ ኦኑር። ዓይኑን ከፓምፑ ላይ ማንሳት አልቻለም።

"ሌላ ፓምፕ ቢገኝስ?" አልኩት አድሮብን።

እጄን ይዞ ፓምፑ የተነቀለበት ቦታ አስገባው። ጣቴ የሞተሩን ብረት ሲነካ ብረቱ እንደ እርጥብ አፈር ተናደ።

"አዲሱን ምን ላይ ልሰረው፣ ወንድሜ?"

አስፋልቱ ዳር መኪና እንዲያስቆም የላክነው የኦኑር ወንድም ከሩቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየን። ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ በዚያ መንገድ የሚያልፍ የለም።

ሐመዳይ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ሲተና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ከመንገዱ ጫፍ የሲተና እናት ሐጃ በቱል ትመጣለች። ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ በአንድ እጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ በሌላው ማሰሮ ይዛለች። አጠገባችን ስትደርስ ቆመች። ሰው እንዳለ ለማወቅ አዳመጠች። ኦኑር ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። አድሮብ መፍቻውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘው። እኔም አልተነፈስኩም።

ማንም የሌለ መሰላት። ኮፈኑን ዳሰሰች፣ የራዲያተሩን አፍ በጣቷ አገኘች፣ "ቢስሚላህ" ብላ ማሰሮውን ዘነበለች። ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ። በአሸዋው ላይ ወርዶ የሲተናን እግሮች አራሰ። ሐጃ ጆሮዋን አስጠግታ የሚሞላበትን ድምፅ ጠበቀች።

"ዛሬስ እንዴት ጠምቶሻል" አለቻት መኪናዋን፣ በሹክሹክታ። "ቆይ፣ ሌላ አመጣልሻለሁ። ልጄን ሳላጠጣሽ ይዘሻት እንዳትሄጂ።"

ባዶ ማሰሮዋን ይዛ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ተመለሰች።

ሲተና የረጠቡ እግሮቿን ወደ ውስጥ ሳበች። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ በቀስታ ዘጋችው። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣ መኪናዋ ልትነሳ እንደሆነ ሁሉ ቀና ብላ ወደ ፊት ተቀመጠች። ሐጃ ሁለተኛውን እስክታመጣ ሁላችንም በቆምንበት ጠበቅናት።