ጉንጭ ሙሉ ሻርዶኔ

በአርባ አራቱ የጎንደር ታቦት! ይህ ነገር ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመቱ፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ጾም። ቅዳሴ ወጥቷልና መጠጡ አይከለከልም፤ ሥጋና ቅቤ ግን በሩቁ።

የደጃዝማቹ ጠጅ ቤት ኃላፊ ቢያዝን ቁልፉን ካንገቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። ከፊቱ ሦስት ብርጭቆ፣ ከብርጭቆዎቹ ማዶ አንድ ወይን ነጋዴ ፈረንጅ፣ ከፈረንጁ ጎን አስተርጓሚው ባዬ። ባዬ ዓይኑን ከቁልፉ ላይ አይነቅልም።

«አያ ቢያዝን፣ ሦስቱም ሻርዶኔ ከሚሉት ካንድ የወይን ዘር ናቸው ይላል። አንዱ የደጋ፣ አንዱ የቆላ፣ አንዱ ውስጡ በእሳት በተለበለበ የእንጨት በርሜል የከረመ። ቀምሰው ይለዩ።»

ሻርዶኔ! ቢያዝን ስሙን ገና ሲሰማው ቀፈፈው። ሻር ብሎ የሚጀምር ነገር ምን ደግ አለው? ሹመት ይሻራል፤ ጾም ይሻራል።

ፈረንጁ አቀማመሱን አሳየው። አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ እንደ ግመል አመነዠከ፣ ከዚያ ከጎድጓዳ ሳህን ላይ እንትፍ! ለሃጩ እንደ ክር ተንጠለጠለ። ቢያዝን አንድ እርምጃ አፈገፈገ። እዚህ ቤት እንኳን ጠጅ፣ ቅራሪም ተተፍቶ አያውቅ!

«አንተም እንዲህ ያለ ነውር ብትሠራ፣ ወይም ባትለይ፣ ቁልፉ የባዬ ነው» አሉ ደጃዝማቹ ከመደባቸው ላይ።

ቢያዝን ሁሉንም ሳይቀምስ አይናገርም፤ ልማዱ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ያጠርሳል፤ የሎሚ ወንድም። ዋጠው። ሁለተኛው የበሰለ ኮክ ይሸታል። ዋጠው። ሦስተኛውን ጉንጩን ሞልቶ ያዘ። ጭስ ጭስ አለው፤ ደግሞ ምላስ ላይ ይወፍራል።

«ውይ፣ አንዲት ነገር ረስቼ!» አለ ባዬ። «ከሦስቱ አንዱ ቅቤ ቅቤ ይላል ብሏል። ሸጋ ቅቤ።»

ቢያዝን ደርቆ ቀረ። ቢውጠው ጾሙ ተሻረ፤ ቢተፋው ሹመቱ። የለጋ ቅቤ ጠረን ባፍንጫው ወጣ። ፈረንጁ አዝኖለት ሳህኑን አገጩ ሥር ቢያቀርብለት፣ አረፋ የሠራውን ለሃጭ አይቶ ፊቱን አዞረ።

«በል እንጂ! ምነው ዱዳ ሆንህ?» አሉ ደጃዝማቹ።

ቢያዝን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጠቁሞ ጋቢውን ተከናንቦ ተንቀጠቀጠ፤ ደጋ። ሁለተኛውን ጠቁሞ የግንባሩን ላብ ጠረገ፤ ቆላ። ከጥግ፣ ጋን የሚያጥንበትን የወይራ ፍልጥ አንሥቶ ከሦስተኛው ፊት አስቀመጠ፤ በርሜል። ፈረንጁ አጨበጨበ። ደጃዝማቹ እስኪያነቡ ሣቁ።

«ቁልፉ ካንገትህ አይወርድም! ሂድ!»

እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ጉንጩ እንደ መለከት ነፊ ተነፍቶ። ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ ሥር ተፋው። አፉን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠ፣ አማተበ።

ይቅር በሉኝና አንዲቷን ብቻ ከኔ ጨምሬያለሁ፤ መትፋቱን። ከቁልቋሉ ሥር ሲደርስ ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። ዋጠው። ከንፈሩንም ላሰ።