ድምፄን የተረከበው

የእኔን ድምፅ የማያውቅ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። በቅዳሜው የኮሜዲ ዝግጅት መክፈቻ «እንደምን አመሻችሁ!» ስል የአገሩ መስኮት ሁሉ ይርገፈገፍ ነበር። በዘመኑ ሕግ ግን ድምፅ የጣቢያው ንብረት ነው። ጡረታ ስወጣ ከጉሮሮዬ ነቅለው ለተተኪዬ ለናኦድ ገጠሙለት፤ ለእኔ ከመጋዘን አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰጡኝ። እሷም ብትሆን አንበሳ ታስደነብራለች!

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሶፋው ላይ ከባለቤቴ ከትብለጥ ጎን እቁነጠነጣለሁ። ራቴ ጠረጴዛው ላይ ተከድኗል። ክዳኑን ላነሳ ስል እጄን መታ አደረገችኝ።

«ቆይ! ራት ዝግጅቱ ሲያልቅ አይደል?»

«እሱማ እኔ ስቱዲዮ እየሠራሁ ስትጠብቂኝ ነበር፣ ትብልዬ!»

«ውይ፣ አትንጫጫብኝ እስቲ! ጀመረ።»

ናኦድ በቴሌቪዥኑ ብቅ አለና በእኔ ድምፅ «እንደምን አመሻችሁ!» አለ።

ትብለጥ ዕድሜ ልኳን እንደለመደችው ለቴሌቪዥኑ መለሰች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን። ቶሎ ና፣ ራትህ እንዳይቀዘቅዝ።»

ወዲያው ደንግጣ ዞራ አየችኝ፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። እጄን ከክዳኑ ላይ አነሳሁና፣ ከስቱዲዮ እስክመለስ አብሬያት ጠበቅሁ።