የቦሎቄው ሥር

ከአሰበ ተፈሪ የመጣው የእርሻ ባለሙያ አንድ ቦሎቄ ከጫቱ ጥላ ሥር፣ ሌላ ደግሞ ከገላጣው ፈገግ እያለ ሲነቅል፣ ዙለይኻ ዐይኗን ከእጁ ላይ አላነሳችም። አምና ለገበሬ ማኅበሩ መሬት ሊለካ የመጣውም ሰው እንዲሁ በፈገግታ ጀምሮ ግማሽ ማሳዋን ቆርሶባት ሄዷል።

የጥላው ሥር ልሙጥ ነበር፤ የገላጣው ግን እባጭ ሞልቶታል።

“ታሟል በልና ማሳዬን ውሰዳ!”

“በሽታ አይደለም፣ እማማ። ከአየር ምግብ የሚያበጅለት እባጩ ነው። ቅጠሉ ብርሃን ካልጠገበ ግን ሥሩን አይቀልብም።” እባጩን በጥፍሩ ሰነጠቀው፤ ውስጡ ደም መሰለ። “ይኸው፣ ውስጡ ከቀላ በደንብ እየሠራ ነው።”

“ጫትሽን ንቀዪ ልትለኝ ነዋ!”

“ይከርክሙት ብቻ።”

አላመነችውም። እሱ ካልደረሰበት የገላጣው ጥግ ራሷ አንድ ነቅላ እባጩን ሰነጠቀች። ቀይ ነበር።

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና፣ “ቤት ግባ እንጂ፣ ፀሐዩ አቃጠለህ” አለችው።