ሲበተን ያየ አለ?

«ጉተማ ጂራ!»

ጉተማ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ከግራሩ ሥር ተነሣና ጃኬቱን አስተካከለ።

የግብርና ባለሙያዋ ሃዋኒ የቀበሌው በረንዳ ላይ ቆማ፣ የድጎማ ማዳበሪያ የወሰዱ ሰዎችን ስም በድምፅ ማጉያ ታነባለች። የዘንድሮው ደንብ እንዲህ ነው፤ ድጎማ የወሰደ በሕዝብ ፊት ይነሣል፣ ማዳበሪያው ማሳው ላይ ሲበተን ያየ ጎረቤት ደግሞ ይመሰክርለታል። እስካሁን ችግር አልነበረም። አንዱ ሲነሣ ጎረቤቱ ሁሉ «ዱጋዳ! እውነት ነው!» እያለ ይጮህለታል፤ ሳቁም ቀልዱም ደርቶ ነበር።

«ኦቦ ጉተማ ሁለት ኩንታል ወስደዋል። ሲበተን ያየ አለ?»

ከፊት የተቀመጠው ባይሳ ዞር ብሎ ጉተማን አየው። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከየት መጥቶ ይታያል! ሁለቱም ኩንታል ጊንጪ ላይ ለነጋዴ ተሽጦ የጉተማ ሱቅ ፍሪጅ ሆኗል። መሬቱ የአባቱ ነው፤ እሱ ከተማ ገብቶ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ምርቱን በእኩል እየተካፈለ የሚያርሰው ባይሳ ነው። «ዘንድሮ የእኛ ማዳበሪያ አልመጣም ኦቦ ባይሳ፣ ምን ይደረግ!» ብሎት፣ ሰውየውም አምኖ እንዲሁ ባዶውን ስንዴ ዘራ። ይባስ ብሎ በገበያ ቀን ወደ ሱቁ ጎራ ሲል ጉተማ ከዚያው ፍሪጅ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ አውጥቶ ጋበዘው። ባይሳ ጠርሙሱን ጉንጩ ላይ ለጥፎ «ጌታ ይባርክልህ! ይቺ ዕቃ እኮ ነፍስ ናት» ብሎ መረቀለት። ጉተማ ያን ምርቃት አሜን ብሎ ተቀብሏል።

ጉተማ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው።

«የሚመሰክር ከሌለ እንግዲህ...» አለች ሃዋኒ።

«እኔ አለሁ።»

ባይሳ ነው። ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሽማግሌ ነው፤ ለቀልድ እንኳ ሲዋሽ የሰማው የለም።

«አይተዋል ኦቦ ባይሳ?»

«ማየት ብቻ? የበተንኩት እኔ አይደለሁም እንዴ! በዚህ በእጄ።» እጁን ከፍ አድርጎ አሳያት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቱም ለመሬቱ የሚሰስት ሰው አልነበረም» አለ።

ጉተማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሌባ ብለው ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። ሰውየው የዋሸለት ለሟቹ አባቱ ብሎ ይሁን፣ ወይስ መሬቱን እንዳይነጥቀው ፈርቶ፣ አላወቀም፤ ሁለቱም እኩል አንገበገቡት። «ሸጬዋለሁ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር። አፉንም ከፍቷል። ግን ሱቁን አሰበ፣ ይህ ሁሉ ሰው ደንበኛው መሆኑን አሰበና ዋጣት።

«ዱጋዳ?» አለች ሃዋኒ ሕዝቡን።

ከቀበሌው ግቢ በታች የሰዉ ስንዴ እስከ ወንዙ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ተንጣሏል። መሀል ላይ የጉተማ አባት መሬት አለ፤ ቡቃያው ቀጭጯል፣ ቢጫ ሆኗል፤ ድንበሩ በክር የተለካ ይመስል ከአራቱም አቅጣጫ ይለያል። ቀና ላለ ሰው ሁሉ ይታያል።

«ዱጋዳ» አለ ሰዉ፣ ቀስ ብሎ።

ሃዋኒ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ባይሳ ባርኔጣውን አጥልቆ ተቀመጠ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ጎልማሳው ሁሉ የየራሱን ጫማ ያያል። ከጉተማ በቀር ወደ ማሳው ያየ አንድም ሰው አልነበረም።